አይሆንም የማይባልበት ከሰዓት

"ግልጽ ነው?" አሉ አቶ ከፋለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰፊ ወረቀት በእስክሪብቷቸው ጫፍ መታ መታ እያደረጉ።

"ግልጽ ነው!" አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ።

ማርያማዊት ከበሩ አጠገብ ቆማ ፊቶቹን ታያለች። ከፊት የተቀመጡት ገበሬዎች ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው አገጫቸውን አስደግፈውበታል። ሴቶቹ ከኋላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዷ "ግልጽ ነው" ብላ እንደመለሰች አፏን በነጠላዋ ሸፍና እንቅልፏን ቀጠለች። ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም፣ እዚሁ የገበሬ ማሰልጠኛ ውስጥ ይኸው ስልጠና ሲሰጥ "ግልጽ ነው" ተብሏል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ሴቶቹም እንደ ድሮው እቤታቸው ይወልዳሉ።

ማርያማዊት አዋላጅ ነርስ ናት። ተወልዳ ያደገችው እታች ላሊበላ፣ አባቷ የእንጨት መስቀል እየቀረጸ ለእንግዳ በሚሸጥበት ሰፈር ነው። ደሴ ተምራ ስትመለስ ከከተማው ዳር ባለው ጤና ጣቢያ ተመደበች። ይህ ቀበሌ ከጤና ጣቢያው ሽቅብ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከዚህ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ከተማው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ይመስላል፤ ምጥ ለያዛት ሴት ግን ሌላ አገር ነው። ወረዳው አምቡላንስ ካገኘ ወዲህ እንኳ የተለወጠ ነገር የለም። መኪናው የሚቆመው ከገደሉ ሥር ነው።

ለምሳ እረፍት ሲወጡ የአቶ ከፋለ ስልክ ጮኸ። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እሷ መጡ።

"ከዞን ሰዎች መጥተዋል ተባልኩ፤ ልወርድ ነው። የቀሩትን ወረቀቶች አንቺ አንብቢላቸውና ጨርሽ።"

"በሌላ መንገድ ባደርገውስ?"

"በምን መንገድ?"

"እኔ ከማነብላቸው እነሱ ቢነግሩኝ።"

አቶ ከፋለ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከሙ ሰው ናቸው። በየወሩ "ለምን ቁጥሩ አላደገም?" ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ መልሱንም አያውቁትም።

"እንዳሻሽ አድርጊው" አሉ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው። "ብቻ ሰው እንዳይበተንብሽ። ስመለስ አገኛችኋለሁ።"

ማርያማዊት ይህችን ቀን ስትጠብቅ ከርማለች። ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ለአሰልጣኞች በተሰጠ ኮርስ ጀውሀራ የምትባል አሰልጣኝ ነበረቻቸው። ጀውሀራ ንግግር አታበዛም። ሰልጣኞቿን ወንበር እያስነሳች፣ እያሳሳቀች፣ እርስ በርስ እያከራከረች ቀኑን ታስመሸው ነበር፤ ማታ ግን የተማሩትን አንድም የረሳ አልነበረም። "መልሱን ቀድመሽ የምታውቂውን ጥያቄ ለሰው አትጠይቂ" ብላት ነበር አንድ ቀን። "እሱ ፈተና ነው። ሰው ሲፈተን ደግሞ የሚያስበው መውደቅን ብቻ ነው።" ከዚያ ወዲህ ማርያማዊት ሥራ ስትገባም ስትወጣም አንድ ነገር ታሰላስላለች። ማንበብ የማይችል ሰው በምን ይሳተፋል? ማን ከማን ጋር ይቀመጥ? መጀመሪያ ማን ይናገር? አፍ ሲፈራ እጅ ምን ይሥራ?

ሰዉ ቆሎውን ቆርጥሞ ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ "አግዳሚዎቹን ወደ ውጭ አውጡልኝ" አለች።

"ወዴት ልትወስጂን ነው ሲስተር?" አለ ሰማኸኝ። ሰማኸኝ የቀበሌው ቅሬ ዳኛ ነው፤ ሰው ሲሞት ቀብሩን የሚያስተባብር፣ እህሉን የሚያሰበስብ፣ ድምፁ ከገደል ማዶ የሚሰማ ደንዳና ሰው።

"ፀሐይ ላይ። እዚህ እንቅልፍ ያመጣል።"

ሳቅ ተሰማ። ይህ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያ ሙከራዋ ግን ወዲያው ከሸፈ። ሰዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያስባለች ሴቱንም ወንዱንም ቀላቅላ በሦስት ቡድን ከፈለቻቸው። "ሴቶች ለምንድን ነው እቤት የሚወልዱት? ተወያዩበት" አለቻቸው። ጥቂት ካጉተመተሙ በኋላ ከየቡድኑ አንድ አንድ ወንድ ብድግ አለ።

"የግንዛቤ እጥረት ነው" አለ የመጀመሪያው።

"የግንዛቤ እጥረት ነው" አለ ሁለተኛው።

"እኛም ከነሱ የተለየ የለንም" ብሎ ሦስተኛው ተቀመጠ።

ማርያማዊት ፊቷ ጋለ። ሴቶቹ በሦስቱም ቡድን ውስጥ መሬት መሬት እያዩ ነበር። ያወጣችው ጥያቄ መልሱ ከግድግዳው ወረቀት ላይ የሚገኝ ጥያቄ ነበር፤ እነሱም አሳምረው መለሱላት።

"አበላሸሁት" አለች ጮክ ብላ። "ጥፋቱ የኔ ነው። እንደገና እንጀምር።"

ሰዎቹ ተያዩ። አሰልጣኝ "አበላሸሁት" ሲል ሰምተው አያውቁም። ያንቀላፋችው ሴት እንኳ ቀና ብላ አየቻት።

ማርያማዊት ሴቶቹን ከወይራው ዛፍ ሥር ለብቻ፣ ወንዶቹን ከአዳራሹ ግድግዳ ጥግ ለብቻ አደረገቻቸው። ሻይ ከተፈላበት ጉልቻ ሥር አመድ አስመጥታ ለሁለቱም ወገን አካፈለች።

"የግንዛቤን ነገር እንተወው። ከዚህ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን መንገድ በአመድ መሬት ላይ ሥሩልኝ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ መንገዱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።"

ወንዶቹ ወዲያው ጀመሩ። ሴቶቹ ግን አመዱን ከበው ዝም አሉ። ማርያማዊት አልጎተጎተቻቸውም። ራቅ ብላ ጫማዋን እንደምታስር ሰው ጎንበስ አለች። ትንሽ ቆይቶ አንዷ እፍኝ አመድ አነሳችና ረጅም መስመር በተነች።

"ኧረ ወንዙ በዚህ አይደለም፣ በወዲህ ነው!"

"አንቺ ደግሞ፣ ቤትሽን ከቤተ ክርስቲያኑ አስበለጥሽው እኮ!"

"ምን ላድርግ፣ እጄ ሰፊ ነው።"

ሳቁ ወንዶቹን ዞር ብለው እንዲያዩ አደረጋቸው። መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ማርያማዊት ተመልሳ መጣች። "አሁን እያንዳንዳችሁ ድንጋይ አንሱ። አንዲት ነፍሰ ጡር የተቸገረችበትን ቦታ የምታውቅ፣ ድንጋዩን እዚያ ታስቀምጥ። መናገር አያስፈልግም።"

ድንጋዮቹ አንድ ባንድ ወረዱ። ከቁልቁለቱ መጀመሪያ፣ ከወንዙ መሻገሪያ፣ ጠባቧ ከሚሏት የገደል አፋፍ ላይ። አንዲት ሴት ድንጋይዋን አስቀምጣ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋ ከጎኗ ሌላ ጨመረችበት። በመጨረሻ እትዬ አስቻለች ቀሩ።

እትዬ አስቻለች የልምድ አዋላጅ ናቸው። ከዚህ ቀበሌ ወጣት ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ጠዋት አቶ ከፋለ "ከእንግዲህ የልምድ አዋላጅ እጇን ትሰብስብ" ብለው ሲያነቡ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አስገብተው ነበር፤ እስካሁንም አላወጡትም። ከጎናቸው የልጃቸው ሚስት ሙሉዬ ተቀምጣለች። የበኩሯን አርግዛ ወሯ ገብቷል።

"ለኔ ይቅርብኝ" አሉ።

"መተው ይችላሉ እትዬ። ካልፈለጉ ይቅር።"

እሳቸው ግን ተነሡ። ከእግራቸው ሥር ድንጋይ አነሱና በአመዱ መንገድ ላይ መራመድ ጀመሩ። ቁልቁለቱን አለፉ፤ ወንዙን አለፉ። ጠባቧ ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ያስቀምጡታል ብለው ጠበቁ። አለፏት። መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄደው ድንጋዩን ከጤና ጣቢያው በር ላይ አስቀመጡት።



"ያቺ ድንጋይ የመጨረሻ ልጄ ናት" አሉ እትዬ አስቻለች። "ምጥ ይዟት መንገዱንስ ደህና አልፋው ነበር። እኔው ነኝ 'እንውረድ' ብዬ የወሰድኳት፤ ነገሩ ከኔ እጅ በላይ እንደሆነ ገብቶኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ተቀበሏትና 'እርስዎ ውጭ ይጠብቁ' አሉኝ። አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ስትጠራኝ ይሰማኛል። 'ግቢ' የሚለኝ የለም። ከዚያ መጥራቷን ተወችው።"

"እኔ…" አለች ማርያማዊት።

"አንቺ ያኔ አልነበርሽም ልጄ። ሌላ ነበረች። እሷም አልገደለቻትም፤ ደም ነው የገደላት፣ አውቃለሁ። ግን ብቻዋን ነው የሞተችው።" ወደ ሙሉዬ ዞር አሉ። "ይችንስ ለብቻዋ አልሰጥም። ይኸው ነው የኔ የግንዛቤ እጥረት።"

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ማርያማዊት "አይዞዎት" ልትል አሰበችና ተወችው። ከእትዬ አስቻለች አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወንዶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመጡ የሴቶቹን መንገድ ከበው አዩት። ወንዶቹ በራሳቸው መንገድ ላይ ያስቀመጧቸው ድንጋዮች ጥቂት ነበሩ።

"ይሄ ሁሉ?" አለ ሰማኸኝ። ከበሩ ላይ ያለውን ድንጋይ ግን አየው፤ ምን እንደሆነም የነገረው ሳይኖር ገባው። ቀብሯን ያስተባበረው እሱ ነበር።  "ለማንኛውም መንገዱ ችግር የለበትም። ቃሬዛ አለን፣ ጉልበት አለን። እኛ እናወርዳለን።"

"እስቲ አውርዱ" አለች ማርያማዊት።

"ምን?"

"አሁን። ቃሬዛውን አምጡና እስከ ጠባቧ ድረስ አንድ ሰው አውርዱ። እናያለን።"

ቃሬዛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከቅሬው ዕቃ ቤት መጣ። በሁለት ረጅም አጣና መሃል ጠፍር የተወጠረበት ነው። ማን ይተኛበት የሚለው ላይ ሁሉም ወደኋላ አለ። ቀጫጭኖቹ "እኔ ተሸካሚ ነኝ" አሉ። እትዬ አስቻለች ዓይናቸውን ጠራርገው ነበር፤ ከወዲያ ጥግ ሆነው "አንተ ተኛበት ሰማኸኝ" አሉ። "ሆድህም ወሩ የገባ ይመስላል።"

ሳቁ እስከ ታች ተሰማ። ሰማኸኝ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ "ይሁና፣ ማን ፈራ!" ብሎ ተጋደመ። ሴቶቹ በነጠላ ሸፈኑት፤ እንዳይወድቅ በመቀነት አሰሩት። አራት ሰዎች አነሱት።

ከአዳራሹ ደጅ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ እየቀለደ ሄደ። "ውኃ ስጡኝ! ባሌን ጥሩልኝ!" ይላል። ሴቶቹ እየተከተሉ ይስቃሉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆነ። ከፊት ያሉት ድንጋይ ሲረግጡ ቃሬዛው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በግራ በኩል ገደሉ ነው።

"ቀስ!" አለ። "ቀስ በሉ እንጂ!"

"ቀስ እያልን ነው" አለ አንዱ ተሸካሚ እያለከለከ።

"የት ደረስን? ጠባቧ ናት? አይታየኝም እኮ! መልሱኝ!"

"ምጥ ይዞሃል፣ ምን መመለስ አለ" አሉ እትዬ አስቻለች ከኋላ፤ አሁን ግን አልሳቁም።

"በላሊበላ አምላክ አውርዱኝ አልኩ!"

አወረዱት። መቀነቱን ሲፈቱለት ላቡ በግንባሩ ወርዷል። የሳቀበት ሰው አልነበረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቃሬዛውን ትክ ብሎ አየው።

"ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው" አለ ቀስ ብሎ። "ወዴት እንደሚወስዱህ አታውቅም። በዚህ ላይ ምጥ ሲጨመርበት…" ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ። "እንዴት ዝም ትላላችሁ?"

የመለሰችው ሙሉዬ ናት። ቀኑን ሙሉ ድምፅዋ አልተሰማም ነበር።

"እኔ በዚህ ቃሬዛ ላይ አልተኛም።"

"ለምን ልጄ?" አሉ መምሬ ሀብተ ሥላሴ፣ የደብሩ ቄስ።

"አያ ባምላክን ሰሞኑን በምን ወሰዳችሁት? በዚሁ አይደለም? ሬሳ በተወሰደበት እኔን ታጋድሙኛላችሁ። ተመልሼ እንደምመጣ በምን ልመን?"

ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ያውቁት የነበረ ነገር ነው። ወንዶቹ ግን አንዳቸውም አላሰቡትም ነበር።

"ይህን ለምን ለቅሬው አላመለከታችሁም?" አሉ መምሬ።

"ቅሬው የወንዶች ስብሰባ ነው መምሬ" አለች አንዲት ሴት። "እኛ እዚያ የምንመጣው ንፍሮ ይዘን ነው።"

ሰማኸኝ አንገቱን ደፋ።

ወደ ወይራው ሥር ሲመለሱ ሴቱና ወንዱ ተቀላቅሎ ተቀመጠ፤ ማርያማዊት አልለየቻቸውም፤ አሁን አያስፈልግም ነበር። "እንግዲህ ችግሩን አየነው" አለች። "አሁን መላ እንፈልጋለን። የመጣለት ሁሉ ይናገር፤ የሚያስቅም ቢሆን ይናገር። አንድ ሕግ ብቻ አለን። ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ 'አይሆንም' የሚባል ቃል የለም። መምሬ፣ ሕጉን እርስዎ ይጠብቁልን። አይሆንም ያለ ሰው ሲሰሙ በመቋሚያዎ መሬቱን ይምቱ።"

መምሬ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን አስተካክለው ያዙ። ሹመቱ ደስ ብሏቸዋል።

"ሌላ ቃሬዛ ይሠራ" አለች ሙሉዬ። "ለሕያው ብቻ የሚሆን።"

"ወንበር ይሁን" አለ ሰማኸኝ ወዲያው። "ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ የምትወርድበት።"

"በበቅሎ ትውረድ።"

"በቅሎማ በዚያ ቁልቁለት አይሆን…"

ኳ! መምሬ መሬቱን መቱ። ሰዉ ሳቀ።

"ጠባቧን እንስፋት። ድንጋዩን እንናድ።"

"ሄሊኮፕተር ይምጣ!" አለ አንድ ሽማግሌ፣ ለማሳቅ ብሎ።

"ኧረ ይሄስ አይሆንም!" አሉ መምሬ ራሳቸው፤ ከዚያ ደንግጠው የራሳቸውን እግር በመቋሚያቸው መቱ። ሴቶቹ በሳቅ እርስ በርስ ተደገፉ። ሳቁ ጋብ ሲል ግን መምሬ አልተቀመጡም። አንድ ነገር መጥቶባቸዋል።

"ቆዩ እስቲ። እኛ የምንለፋው ምጥ ከያዛት በኋላ እንዴት እናውርዳት ብለን ነው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚመጣው ሰው የት ነው የሚያድረው? በየሰው ቤት አይደለም? እግሩን አጥበው የሚያስገቡት ዘመዳቸው ስለሆነ ነው? ሴቶቻችንስ ወራቸው ሲገባ፣ ገና በእግራቸው መሄድ ሲችሉ፣ እንደ እንግዳ ወርደው ከተማ ቢሰነብቱስ?"

  ማርያማዊት በጤና ጣቢያው ስብሰባ ሁሉ ስለ መንገድና ስለ አምቡላንስ ሲወራ ሰምታለች፤ ይህን ግን ያነሳው ሰው የለም።

"እህቴ ቤት ከጤና ጣቢያው ማዶ ነው" አለች አንዷ ሴት። "ጓዳ አላት። እምቢ አትለኝም።"

"የልጄ ክርስትና አባት እዚያ ሰፈር ነው።"

"ምን ይበላሉ? ሰው ቤት ባዶ እጅ አይሰነበትም።"

"ቅሬው ያዋጣል" አለ ሰማኸኝ። ድምፁ ተመልሶለታል። "ለሞተ ሰው እህል እናዋጣ የለም? ለሚወለደውም እናዋጣለን። ለገንፎው ገብስ፣ ቅቤም ያለው ቅቤ።"

"ሴቶቹም ቅሬው ላይ ይቀመጡ" አለች ሙሉዬ። "አለዚያ ማን ወሯ እንደገባ በምን ታውቃላችሁ?"

ሰማኸኝ ወደ መምሬ አየ፤ መምሬ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ይዘው እየጠበቁት ነበር። "ይቀመጡ" አለ ፈጥኖ።

ማርያማዊት ከወይራው ግንድ ላይ ተደግፋ ትሰማለች። ከሰዓት ሲጀመር እሷ ትጠይቅ፣ እነሱ ይመልሱ ነበር። አሁን እርስ በርስ ነው የሚጠያየቁት። ማን ማንን እንደሚቀበል፣ ወንበሩን ማን እንደሚሠራው፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በየት በኩል እንደሚሻገሩ ሲነጋገሩ ወደ እሷ የሚያይ ሰው አልነበረም።  ጀውሀራ ብታያት ብላ ተመኘች።

አቶ ከፋለ በዚህ መሃል ደረሱ። ዳገቱ አድክሟቸው፣ ኮታቸውን በክንዳቸው አድርገው ነበር። ባዶውን አዳራሽ፣ ውጭ የተበታተኑትን አግዳሚዎች፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን አመድና ከጎኑ የተጋደመውን ቃሬዛ ባንድ እይታ አዩ።

"ሰው ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም" አለች ማርያማዊት። "ይቀመጡ፣ ይስሙ።"

መምሬ በአጭሩ አስረዷቸው። አቶ ከፋለ መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን ቋጥረው ነበር፤ ሴቶቹ እንደ እንግዳ ከተማ የመሰንበታቸው ነገር ሲነገራቸው ግን መሐረባቸውን ላባቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። "ይሄን ማን አመጣው?" አሉ። "እኛው" አለ ሰማኸኝ፣ ሁሉንም በእጁ እያሳየ።

እትዬ አስቻለች ያን ጊዜ ብድግ አሉ።

"እኛ ያለንን ሰጥተናል" አሉ። "ቤት የሰጠ ሰጠ፣ እህል የሰጠ ሰጠ። የቀረው የናንተ ነው። እናንተስ ምን ትሰጣላችሁ?"

"ምን ማለትዎ ነው?" አሉ አቶ ከፋለ።

"ሙሉዬ ስትወልድ አብሬያት ልግባ። ሌሎቹም እናታቸው ወይ አማታቸው አብራቸው ትግባ። በሩ አይዘጋብን።"

አቶ ከፋለ ከንፈራቸውን ነከሱ። "ማዋለጃ ክፍል እኮ ንጽሕና ይፈልጋል። አሠራሩ ቤተሰብ አያስገባም። ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለበላይ አካል እናቀርበዋለን።"

ለበላይ አካል የሚለው ቃል እንደወጣ ማርያማዊት በሴቶቹ ፊት ላይ የሆነውን አየች። የተቆጣ አልነበረም። አንዷ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሌላዋ ከተቀመጠችበት ልትነሣ እጇን መሬት ላይ አስደገፈች። ሙሉዬ ሆዷን እየደባበሰች ወደ አማቷ ቤት አቅጣጫ ታያለች። የከሰዓቱ ሥራ ሁሉ ሊበተን የቀረው ትንሽ ነበር።

ማርያማዊት ፈራች። ያለ ፈቃድ ሰው ብታስገባና አንድ ነገር ቢፈጠር የምትጠየቀው እሷ ናት። አለቆቿ ሊቀጧት፣ ሊያዛውሯት ይችላሉ። አቶ ከፋለ እውነታቸውን ነው፤ ንጽሕናው ቀልድ አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን ሰው ከለመደው ነገር ትንሽ እንዲለቅ ስትለምን ውላለች። ሰማኸኝ ቃሬዛው ላይ ተኝቷል። መምሬ በራሳቸው ላይ ፈርደዋል። እትዬ አስቻለች ልጃቸውን ያጡበትን ቦታ በሰው ፊት አሳይተዋል። ያልለቀቀች እሷ ብቻ ናት።

"እትዬ አስቻለች" አለች። "እጅዎን እስከ ክርንዎ በሳሙና ይታጠባሉ። እኔ የምሰጥዎትን ጋውን ይለብሳሉ። ከራስጌዋ ይቆማሉ፤ ወደ እግርጌ አይመጡም፣ እሱ የኔ ሥራ ነው። ይሆናል?"

"ከራስጌዋ?"

"እጇን ይዘው።"

"ማርያማዊት" አሉ አቶ ከፋለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይሄን ማለት አትችዪም።"

"ክፍሉ ውስጥ የማዋልደው እኔ ነኝ አቶ ከፋለ። ለሚሆነውም እኔ እጠየቃለሁ። እርስዎ ጥያቄውን ያቅርቡልን፤ መልሱ እስኪመጣ ግን የሚወልዱ አሉ።"

"አንቺ ተረኛ ባልሆንሽ ቀንስ?" አሉ እትዬ አስቻለች። እንዲህ በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

"ያስጠሩኛል። ቤቴ ቅርብ ነው። በየትኛውም ሰዓት እመጣለሁ። ይኸው መምሬ ይስሙኝ፣ ቅሬውም ይስማኝ።"

መምሬ ሀብተ ሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።  አቶ ከፋለ ኮታቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡና ከሰማኸኝ ጎን ተቀመጡ። "ጋውኑን እኔ አስፈልጋለሁ" አሉ። "አንድ ሁለት ትርፍ አይጠፋም።"

ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘነብል ሰዉ መነሣት ጀመረ። ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ይመልሳሉ፤ ሰማኸኝ ስለ ወንበሩ ከአንድ አናጢ ጋር እጁን እያወናጨፈ ይከራከራል። ማርያማዊት ቦርሳዋን ስታነሳ እትዬ አስቻለች ሙሉዬን ክንዷን ይዘው ሲያስነሷት አየች።

"ቅዳሜ ለገበያ እንወርዳለን" አሏት።

"እሺ እማ።"

"አንቺ አትመለሽም። እዚያው ትሰነብቻለሽ፤ እኔም ካንቺ ጋር።"

ሙሉዬ ቆም አለች። የአማቷን ፊት አየች፤ ወደ ማርያማዊት አየች፤ ተመልሳ ወደ አማቷ።

"ምን ይዤ ልውረድ?"

"የገንፎውን ዱቄት እኔ እይዛለሁ" አሉ እትዬ አስቻለች፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ እያስተካከሉላት። "አንቺ ራስሽን ብቻ ይዘሽ ውረጂ።"